ከረንቱ አሁን በማን በኩል እየሄደ ነው?

ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ከተማ ናት። ከሚሌ ተነስቶ በባቲ በኩል የሚመጣው መንገድ ከአዲስ አበባው መንገድ ጋር የሚገናኘው እዚህ ነው። የከባድ መኪና ከተማ ደግሞ የባትሪ ከተማ መሆኑ አይቀርም። ቆላው ላይ ምንም ያላስቸገረ ባትሪ የሀረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ያድራል፤ ጠዋት ሞተር ማዞር ያቅተዋል። ብርድ የባትሪን አቅም ይቀንሳልና የተዳከመው ባትሪ ገመናው የሚገለጠው ደሴ ላይ ነው። ሾፌሩም ባትሪውን ፈትቶ ወደ እኛ ይልካል። እኔ በሥራ ቀናት የኤሌክትሪክ ትምህርት አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ባትሪ ቤት እውላለሁ። ለተግባር ልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችም አብረውኝ ይውላሉ።

የሚመላለሰውን የመስመር ከረንት (ኤሲ) ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ ከረንት (ዲሲ) ስለሚለውጠው ነጠላ ፌዝ ሬክቲፋየር፣ እንዲሁም በትንሽ ምልክት ስለሚከፈተው ዕቃ ስለ ታይሪስተር ለመጻፍ ያነሳሱኝ እነዚህ ተማሪዎች ናቸው። ቀመሩን በቃላቸው ይዘው ይመጣሉ፤ የአማካይ ቮልቴጅን ስሌት ሳይደናቀፉ ይወጡታል። ባትሪ ቤት ውስጥ ያለውን ቻርጀር ሲከፍቱ ግን ቀመሩ ከቴስተሩ ንባብ ጋር አልስማማ ይላቸዋል። ቀመሩ ተሳስቶ አይደለም፤ የተሠራው ለሌላ ጭነት፣ ማለትም ከረንቱን ለሚጠቀም ሌላ ዓይነት ዕቃ ነው። ስለዚህ ከቀመሩ በፊት አንድ ጥያቄ እንዲጠይቁ አስገድዳቸዋለሁ፤ በዚህች ቅጽበት ከረንቱ የሚሄደው በማን በኩል ነው? ይህን ለእያንዳንዱ የሞገዱ ክፍል የሚመልስ ሰው ቀመሩን ቢረሳ እንኳን ራሱ መልሶ ያወጣዋል።

ከሶኬቱ እንጀምር። 220 ቮልት የምንለው ውጤታማ ዋጋውን፣ ማለትም እኩል ሙቀት የሚሰጠውን የዲሲ ቮልቴጅ ልክ ነው፤ ሞገዱ ጫፉ ላይ ሲደርስ 311 ቮልት ይሆናል። በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ አንድ ሙሉ ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ፣ አንዱ ግማሽ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። መጻሕፍት አግድሙን መስመር በዲግሪ ነው የሚከፍሉት። እኔ ከዲግሪው ሥር ሚሊ ሰከንዱንም እንዲጽፉ አደርጋለሁ፤ 180 ዲግሪው 10 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ 18 ዲግሪ 1 ሚሊ ሰከንድ ነው። ዲግሪ ብቻ ሲሆን ነገሩ ሒሳብ ሆኖ ይቀራል፤ ሚሊ ሰከንድ ሲገባበት ሞገዱን በስክሪን በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ላይ የሚያዩት ራሱ ወረቀታቸው ላይ ይመጣል።

ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ አንድ ዳዮድና አንድ አምፖል ብቻ ብናያይዝ ከረንቱ በአንዱ ግማሽ ያልፋል፣ በሌላው ይታገዳል። ዲሲ ላይ የተደረገ ቴስተር የሚያነበው አማካዩን ስለሆነ 311ን ለ3.14 አካፍሎ 99 ቮልት ገደማ ያሳያል። 220 ወይም 110 የጠበቀ ተማሪ ይደነግጣል። ይህ ግማሽ ሞገድ የሚባለው አሠራር በጣም አነስተኛ ለሆነ ነገር ካልሆነ በቀር አይመከርም። በትራንስፎርመሩ ጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ የብረቱ እምብርት በመግነጢስ ይሞላል። ትራንስፎርመሩ ያጉረመርማል፣ ጭነቱ ትንሽ ሆኖ ሳለም ይግላል።

አራት ዳዮድ ያለው ብሪጅ ሁለቱንም ግማሾች ይጠቀማል። በአዎንታዊው ግማሽ በሰያፍ የተቀመጡት ሁለቱ ይሸከማሉ፤ በአሉታዊው ሌሎቹ ሁለቱ ይረከባሉ፤ ጭነቱ ውስጥ ግን ከረንቱ አቅጣጫውን አይቀይርም። አማካዩ እጥፍ ሆኖ 198 ቮልት ይሆናል። ጉዳቱ በማንኛውም ቅጽበት ሁለት ዳዮድ በተከታታይ መኖሩ ነው፤ ከፍ ባለ ከረንት እያንዳንዳቸው ወደ 1 ቮልት ይበላሉ። ለ220 ቮልት ይህ ምንም አይደለም። ለ12 ቮልት ባትሪ 20 አምፒር ሲያልፍ ግን እያንዳንዷ ቮልት 20 ዋት ሙቀት ናት። ብዙ የቆዩ ቻርጀሮች መሀል ላይ መውጫ ያለው ትራንስፎርመርና ሁለት ዳዮድ ብቻ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚሸከመው አንዱ ብቻ ነው። በምትኩ ያረፈው ዳዮድ በግልባጭ የሚችለው ቮልቴጅ የግማሹ ጥቅል ጫፍ እጥፍ መሆን አለበት። በብሪጅ ውስጥ ግን አንድ ጫፍ መቻሉ ይበቃዋል።

ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ሞገዱን ስለሚያለሰልሰው ስለ ካፓሲተር ብዙ አልልም፣ ቻርጀር አያስፈልገውምና። ለሬዲዮ ወይም ለመቆጣጠሪያ ሰርኪዩት የሚሠራ ግን ይህን ያስላ፤ ከብሪጅ በኋላ ሞገዱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይነሳል፣ 1 አምፒር ከ1000 ማይክሮ ፋራድ ላይ ሲወሰድ መዋዠቁ በግምት 10 ቮልት ይሆናል። ብዙ ሰው ከሚገምተው እጅግ ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ መናገር አለብኝ። ያለ ትራንስፎርመር 220ን በቀጥታ የሚያስተካክል ብሪጅ አሉታዊ ጫፉ መሬት አይደለም። ጥያቄያችንን እንጠይቅ። ፌዙ (ኃይል ያለበት ሽቦ) አዎንታዊ ሲሆን ከረንቱ ከጭነቱ ተመልሶ ወደ ኒውትራል (ወደ መመለሻው ሽቦ) የሚሄደው በታችኛው ዳዮድ ነው፤ ስለዚህ አሉታዊው ጫፍ ኒውትራል አጠገብ ይሆናል። ፌዙ አሉታዊ ሲሆን ግን መመለሻው ወደ ፌዙ ነው፤ ያ አሉታዊ የምንለው ጫፍ ከመሬት አንጻር እስከ 311 ቮልት ወደ ታች ይወርዳል ማለት ነው። ሰው የነካው እንደሆነ ይገድላል። የኦሲሎስኮፕ መሬት መያዣ እዚያ ላይ ከተነከሰ ደግሞ መሣሪያው ራሱ ከመሬት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ፍንዳታ ይከተላል። ተማሪዎቼ ሰርኪዩቱን ከመስመሩ በሚለይ መለያ ትራንስፎርመር ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለውን ሰርኪዩት እንዲነኩ አልፈቅድም።

አሁን ወደ ታይሪስተሩ እንሂድ። በገበያው ኤስሲአር እየተባለም ይጠራል። የሐሳቡ መነሻ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950 በዊልያም ሾክሌይ የቀረበ ሲሆን በ1957 የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ለሥራ የሚሆነውን አወጡት። ከዚያ በፊት ከባድ ከረንት ለማስተካከል የሜርኩሪ ትነት ያለባቸው ትላልቅ የመስታወት ቱቦዎች ነበሩ። ታይሪስተር አራት የሲሊከን ንብርብርና ሦስት እግር አለው፤ አኖድ፣ ካቶድ፣ ጌት። ከካቶድ ወደ አኖድ ፈጽሞ አያሳልፍም። ከአኖድ ወደ ካቶድም ዝም ብሎ አያሳልፍም፤ ጌቱ ላይ ትንሽ ከረንት ሲደርሰው ይከፈታል። አንዴ ከተከፈተና ዋናው ከረንት ከበቃው ጌቱን ብንተወውም ክፍት ሆኖ ይቆያል። ጌቱ የመክፈት ሥልጣን እንጂ የመዝጋት ሥልጣን የለውም። የሚዘጋው ዋናው ከረንት ከማቆያው መጠን በታች ሲወርድ ብቻ ነው።

ይህን በቃል ብቻ ሰምቶ የገባው ሰው አላየሁም። እኛ ባትሪ ቤት የምንፈትነው እንዲህ ነው። ቢቲ151 የሚባለው ታይሪስተር በየኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ሱቁ ይገኛል፤ ጽሑፉን ወደ እኛ አዙረን ስንይዘው ከግራ ወደ ቀኝ ካቶድ፣ አኖድ፣ ጌት ነው፤ የኋላው ብረትም ከአኖዱ ጋር የተያያዘ ነው። ባለ 12 ቮልት 21 ዋት የባጃጅ ፍሬቻ አምፖል እንወስዳለን። የባትሪው አዎንታዊ ጫፍ በአምፖሉ በኩል ወደ አኖድ፣ አሉታዊው በቀጥታ ወደ ካቶድ ይታሰራል። አምፖሉ ጨለማ ነው። ከአዎንታዊው ጫፍ ባለ 470 ኦም ሬዚስተር ይዘን ጌቱን እንነካለን። ወደ 24 ሚሊ አምፒር ይገባል፤ ይህ ታይሪስተር ቢበዛ የሚጠይቀው 15 ስለሆነ ይበቃዋል። አምፖሉ ይበራል። ሬዚስተሩን እናነሳለን፤ አምፖሉ እንደበራ ነው። ጌቱን ከካቶዱ ጋር ብናገናኘውም እንደበራ ነው። በአኖድና በካቶድ መካከል ቴስተር ብናስገባ 1 ቮልት ገደማ ያሳያል። አንዱን ሽቦ ለቅጽበት ከባትሪው ብንነቅል ይጠፋል፤ መልሰን ስናስረውም እንደጠፋ ይቀራል።

ከዚያ ባትሪውን አንስተን 12 ቮልት ኤሲ የሚሰጥ ትራንስፎርመር እናስገባለን። በግልባጩ ግማሽ ጌቱ እንዳይጎዳ በሬዚስተሩ ላይ አንድ 1ኤን4007 ዳዮድ እንጨምራለን። አሁን ጌቱ እስከተነካ ድረስ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፤ እጃችንን ስናነሳ ይጠፋል። ታይሪስተሩ ያው ነው፣ አምፖሉ ያው ነው። የተለወጠው የኃይሉ ምንጭ ነው፤ ሞገዱ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ ከረንቱን ወደ ዜሮ እያወረደ ታይሪስተሩን ይዘጋዋል። ተማሪዎቹ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሚመጣውን ለውጥ ለማየት ስል ብቻ ቅዳሜን እወዳታለሁ።

እንግዲህ የሚዘጋልን መስመሩ ከሆነ የእኛ ሥራ መቼ እንደምንከፍት መወሰን ብቻ ነው። ግማሹ ሞገድ ከጀመረ በኋላ ጌቱን እስክንነካ ድረስ የምንቆይበት ጊዜ የማስነሻ አንግል ይባላል። በብሪጁ ውስጥ ከአራቱ ዳዮዶች ሁለቱን በታይሪስተር ብንተካና ጭነቱ አምፖል ወይም ማሞቂያ ቢሆን፣ በዜሮ ዲግሪ 198፣ በ60 ዲግሪ 148፣ በ90 ዲግሪ 99፣ በ120 ዲግሪ 49 ቮልት ያህል አማካይ እናገኛለን። 90 ዲግሪ 5 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ልክ ሞገዱ ጫፉ ላይ ሲደርስ። ቀመሩ የጫፉን ዋጋ ለ3.14 አካፍሎ በአንድ ሲደመር የአንግሉ ኮሳይን ያባዛል። የተማሪው ቀመር ይኸው ነው፤ ለአምፖልና ለማሞቂያ በትክክል ይሠራል።

ለባትሪ ግን አይሠራም። ባለፈው ጊዜ አንዲት ተማሪ ራሷ የሠራችውን የጌት ማስነሻ ሰርኪዩት ይዛ መጣች። በአምፖል ስትሞክረው ከመጥፋት እስከ ሙሉ ብርሃን ያለ ችግር ይሄዳል። ቻርጀሩ ላይ ገጥማ ባትሪ ስታስርበት ግን ቁልፉን ወደ ላይ ባዞረች ቁጥር ከረንቱ እየጨመረ ይመጣና ልክ መጨረሻው አካባቢ ድንገት ወደ ዜሮ ይወርዳል። «መምህር፣ ብዙ ስጠይቀው ነው የሚያቆመው» አለችኝ። ባትሪውን ያመጡት ሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰሙን ነበር፤ «አብሽሪ ልጄ፣ እኔ የምሄደው ነገ ነው» አሏት።

ወረቀት አወጣን። ትራንስፎርመሩ የሚሰጠው 18 ቮልት ነው፤ ጫፉ 25 ቮልት ተኩል ገደማ ይሆናል። ባትሪው 13 ቮልት ላይ ነው፤ ታይሪስተሩና ዳዮዱ አንድ ላይ 2 ቮልት ያህል ይወስዳሉ። ስለዚህ ከረንት እንዲጀምር ሞገዱ 15 ቮልት መድረስ አለበት። 15 ቮልት የሚደርሰው 36 ዲግሪ ላይ፣ ማለትም 2 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን ነው። ከጫፉ ወርዶ እንደገና 15 ቮልት የሚሆነው ደግሞ 8 ሚሊ ሰከንድ ላይ ነው። ከ2 በፊትና ከ8 በኋላ ባትሪው ከትራንስፎርመሩ ይበልጣል፤ በዚያ ጊዜ ከረንቱ በማን በኩል ይሄዳል? በማንም። ታይሪስተሩ አኖዱ ከካቶዱ በታች ሆኖ ተቀምጧል።

ተማሪዋ እርሳሱን ይዛ ዝም አለች። ሰርኪዩቷ ጌቱን ለመክፈት የሚልከው የከረንት ምት በጣም አጭር ነው። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ስታዞረው ምቱ 1 ሚሊ ሰከንድ ላይ ይደርሳል። በዚያ ቅጽበት ትራንስፎርመሩ ላይ ያለው 8 ቮልት እንኳን አይሞላም፤ ባትሪው 13 ነው። ጌቱ ተነክቷል፣ ታይሪስተሩ ግን መከፈት አይችልም። 2 ሚሊ ሰከንድ ሲደርስና መንገዱ ሲመቻች ምቱ አልፏል። አምፖል ጋር ይህ ችግር የማይታየው አምፖል የሚቃወም ቮልቴጅ ስለሌለው ነው። እርሷው ራሷ፣ እኔ ሳልነግራት፣ «ታዲያ ምቱ መቆየት አለበት» አለች።

መቆየት አለበት፤ ግን አንድ ረጅም ምት ብንልክ ጌቱን ከማስነሻ ሰርኪዩቱ የሚለየው ትንሹ የምት ትራንስፎርመር አይችለውም፣ እምብርቱ ይሞላል። ስለዚህ ከተመረጠው ቅጽበት ጀምሮ ብዙ አጫጭር ምቶችን ተከታትለው እንዲሄዱ አደረገች። የመጀመሪያዎቹ ቢባክኑም 2 ሚሊ ሰከንድ ካለፈ በኋላ የሚደርሰው ይከፍተዋል። ማታውን ቻርጀሩ ከዳር እስከ ዳር ሠራ።

የባትሪ ጭነት ሌላም ነገር ያስተምራል። ብዙ ርካሽ ቻርጀሮች መጀመሪያ በአራት ዳዮድ ያስተካክላሉ፤ ከብሪጁ በኋላ አንድ ታይሪስተር ብቻ አስገብተው ወደ ባትሪው ይልካሉ። አንድ ታይሪስተር፣ አንድ የጌት ሰርኪዩት፤ ጥሩ ቁጠባ ነው። ታይሪስተሩን የሚዘጋው ምንድን ነው? ሞገዱ ከባትሪው በታች በወረደ ቁጥር ከረንቱ ይቋረጣል፣ ይዘጋል። ቻርጀሩ ጥሩ ዲሲ እንዲሰጥ ብሎ ከብሪጁ በኋላ ትልቅ ካፓሲተር የሚጨምር ሰው አለ። በቅንነት የተደረገ ነው፤ ውጤቱ ግን ከባድ ነው። ካፓሲተሩ ሞገዱ እንዳይወርድ ስለሚይዘው ታይሪስተሩ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም፤ መቆጣጠሪያው «ባትሪው ሞልቷል፣ ይብቃ» ቢልም የሚሰማው የለም። ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ ይፈላል፤ ውኃው ያልቃል፣ ሰሌዳዎቹ ይበላሻሉ። ባትሪ ደግሞ ለባጃጅ ነጂ የወር ጭንቀት ነው። እንዲህ ሆነው የመጡ ባትሪዎችን ሳይ ከልቤ አዝናለሁ።

የቻርጀሩ ፊት ላይ ያለው አምፒር መለኪያስ ምን ይነግረናል? ከላይ ባየነው ምሳሌ የሽቦውና የትራንስፎርመሩ ጠቅላላ ተቃውሞ 0.35 ኦም ቢሆን፣ ጫፉ ላይ 30 አምፒር ያህል ያልፋል፤ አማካዩ ግን 12 አምፒር ገደማ ነው። ባለ መርፌው መለኪያ የሚያሳየው 12ን ነው። ባትሪውን የሚሞላውም አማካዩ ስለሆነ ለባትሪው ትክክለኛው ንባብ ይህ ነው። ትራንስፎርመሩን የሚያሞቀው ግን ውጤታማ ዋጋው ነው፤ ሒሳቡን ስንሠራ 17 አምፒር ይጠጋል። ሙቀት በከረንቱ ስኩዌር ስለሚሄድ ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት መርፌው ላይ ያለውን ቁጥር አይተን ከምንገምተው እጥፍ ነው። የማስነሻ አንግሉን ስናዘገየው ለዚያው አማካይ ልዩነቱ ይብሳል። «መለኪያው 12 እያለ ትራንስፎርመሩ ለምን ይቃጠላል?» ለሚሉኝ ሁሉ መልሴ ይህ ነው፤ ትራንስፎርመር ጠምዛዡ ይህን አውቆ ሽቦውን ማወፈር አለበት።

ጥቅል ሽቦ ያለበት ጭነት ደግሞ ፀባዩ ከባትሪ ተቃራኒ ነው። ባትሪ ከረንቱን ቀድሞ ያቋርጣል፤ ጥቅል ሽቦ አልለቅም ይላል። አንድ ፋብሪካ ውስጥ የማግኔት ፍሬን አስቸግሯቸው ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ፍሬኑን የሚመግበው ሁለት ታይሪስተርና ሁለት ዳዮድ ያለው ብሪጅ ነው። ኦፕሬተሩ ቁልፉን ወደ ዜሮ ይመልሳል፣ ማግኔቱ ግን ይዞ ይቀራል። ሁለቱንም ታይሪስተሮች ለውጠዋል፤ የጌት ሰርኪዩቱንም ለውጠዋል። ጌቱ ላይ ምንም ምት የለም፤ ቴስተሩ ግን ጥቅሉ ላይ ወደ 99 ቮልት ያሳያል።

99 ቮልት ለእኔ ደወል ነው። ግማሽ ሞገድ ነው። ምቱ ሲቋረጥ አንዱ ታይሪስተር ክፍት ነበር እንበል። ሞገዱ ወደ አሉታዊ ሲሻገር ጥቅሉ ከረንቱን ስለሚገፋ ከረንቱ በዚያው ታይሪስተርና በጎኑ ባለው ዳዮድ በኩል በራሱ ይዞራል። ዜሮ ስለማይደርስ ታይሪስተሩ አይዘጋም። ሞገዱ ተመልሶ አዎንታዊ ሲሆን ክፍት በር ያገኛል፤ ግማሹን ሞገድ ሙሉውን ያስገባል። እንዲህ እያለ ያለ ጌት ምት ለዘላለም ይቀጥላል። ይህን የሚከላከለው ከጥቅሉ ጋር ጎን ለጎን በግልባጭ የሚታሰረው ፍሪዊል ዳዮድ ነው፤ ከታይሪስተሩና ከዳዮዱ ድምር ያነሰ ቮልቴጅ ስለሚፈልግ ከረንቱን ወደ ራሱ ይወስዳል፣ ታይሪስተሩም ዕረፍት አግኝቶ ይዘጋል። የዚያ ማሽን ፍሪዊል ዳዮድ ውስጡ ተበጥሶ ነበር። የሁሉም ዕቃዎች ርካሹ እርሱ ነው። ሲለወጥ ማግኔቱ በወጉ ለቀቀ።

አራቱም ታይሪስተር ከሆኑና ጭነቱ ከረንቱን የሚይዝ ጥቅል ከሆነ ቀመሩም ይለወጣል፤ 198 በአንግሉ ኮሳይን ይባዛል። ከ90 ዲግሪ ሲያልፍ ኮሳይን አሉታዊ ይሆናል፤ በ120 ዲግሪ ከ99 ቮልት ሲቀነስ ማለት ነው። ተማሪዎች እዚህ ጋ ያፈጣሉ። ከረንቱ አቅጣጫውን አልለወጠም፣ ቮልቴጁ ግን ተገልብጧል፤ ስለዚህ ኃይሉ ከዲሲው ወገን ወደ ኤሲው መስመር እየተመለሰ ነው። እርግጥ በዲሲው ወገን ኃይል የሚሰጥ ነገር ሊኖር ይገባል። ይህ የወረቀት ሐሳብ ብቻ እንዳይመስላቸው ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ውስጥ እስከ ሱስዋ የተዘረጋውን መስመር እነግራቸዋለሁ። ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው፣ 500 ሺህ ቮልት ዲሲ የሚሸከም፣ እስከ 2000 ሜጋ ዋት ማስተላለፍ የሚችል መስመር ነው። ሶዶ ላይ ታይሪስተሮች ኤሲውን ወደ ዲሲ ይለውጣሉ፤ ሱስዋ ላይ ያሉት ከ90 ዲግሪ በላይ እየተከፈቱ ዲሲውን ወደ ኤሲ ይመልሱታል። ያ በሦስት ፌዝ የሚሠራና ብዙ ታይሪስተሮች በተከታታይ የተደረደሩበት ነው፤ የሚከተለው ሕግ ግን ከባጃጅ ፍሬቻ አምፖሉ ጋር አንድ ነው።

አንዳንድ ወጣቶች ይህ ሁሉ ያረጀ ትምህርት ነው ይሉኛል። አሁን በፍጥነት የሚከፍቱና የሚዘጉ ትራንዚስተሮች ያሉባቸው ቀላል ቻርጀሮች መጥተዋል፤ እውነት ነው፣ ትንሽ ናቸው፣ ባትሪውንም በጥሩ ሁኔታ ይሞላሉ። እኔም ለቤት መኪና እርሱን ግዙ እላለሁ። ቀኑን ሙሉ የከባድ መኪና ባትሪ ለሚሞላ ባትሪ ቤት ግን ከባዱን ትራንስፎርመርና ታይሪስተሩን እመርጣለሁ። ሲበላሽ የምናገኘው ዕቃ ነው፣ የምናውቀው ሰርኪዩት ነው፣ በአንድ ከሰዓት ይጠገናል። በዚያ ላይ መስመሩ በሚዋዥቅበት ምሽት ይታገሣል።

ዕቃውን ለረጅም ዕድሜ ለሚፈልግ የምጨምረው የሙቀትን ጉዳይ ነው። ታይሪስተሩ ላይ 20 አምፒር አልፎ አንድ ቮልት ተኩል ከተበላ 30 ዋት ነው፤ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ከሌለው ወዲያው ይሞታል። ማቀዝቀዣው ደግሞ በአየር ነው የሚሠራው፣ አየሩ በእኛ ሀገር ስስ ነው። ብዙ አምራቾች የሚሰጡት የከረንት መጠን እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ድረስ ለሚሠራ ዕቃ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ ወደ 1 በመቶ እንዲቀነስ ያዛሉ። ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ላይ ናት፤ ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ናት። ስለዚህ ያው ቻርጀር እዚህ 8 በመቶ ያህል፣ እዚያ 15 በመቶ ያህል ዝቅ ማለት አለበት። «ደሴ ብርድ ነው፣ ምን ያሞቀዋል» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይነሳል። ብርዱ ይረዳል፣ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ቻርጀሩ የሚቆመው ውጭ ሳይሆን በሩ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከሚሞሉ ባትሪዎች አጠገብ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለው አየር ስስም ሞቃትም ነው። ለደሴ ደንበኛ አሁን የጨረስነው ቻርጀር በስሌታችን ባለ 20 አምፒር ነበር፤ ሰሌዳው ላይ የጻፍንበት 17 ነው፣ ፊውዙንም ለዚያው መርጠንለታል።